የሲያ ነገሥታት መዲና ተገኝቷል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የቻይና የመጀመሪያው ሥርወ መንግሥት የሚባለው የሲያ መዲና ጀንሹን ፍርስራሹ እንደተገኘ አነበብሁ። ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ሲያ ራሱ ተረት ነው ይላል። የትኛውን ልቀበል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከተማው በእርግጥ ተገኝቷል፤ ጀንሹን መሆኑን የሚመሰክር ጽሑፍ ግን እስካሁን አልወጣበትም።

ጀንሹን የሚለውን ስም የምናውቀው ከሲያ ዘመን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ዘግይተው ከተጻፉ መጻሕፍት ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የቀርከሃ ዜና መዋዕል፣ ንጉሥ ታይ ካንግ፣ ዙፋኑን የነጠቀው ዪ እና የመጨረሻው ንጉሥ ጂዬ በየዘመናቸው በዚያ እንደተቀመጡ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1959 ሹ ሹሼንግ የተባሉ አንጋፋ ሊቅ የሲያን አሻራ ለመፈለግ ሄናን በተባለው የቻይና ክፍለ ሀገር ውስጥ ሲዘዋወሩ፣ ከሉዎያንግ በስተምሥራቅ ኤርሊቶ በተባለች መንደር ሰፊ የጥንት ከተማ ቅሪት አገኙ። የሚያስገርመው፣ እርሳቸው ራሳቸው ቦታውን በመጀመሪያ የገመቱት የሲያ ሳይሆን የተከታዩ የሻንግ ሥርወ መንግሥት መዲና አድርገው ነበር።

ቅሪቱ 300 ሄክታር ያህል ይሸፍናል። ከቤተ መንግሥቶቹ የአንዱ የተደለደለ የአፈር መድረክ ብቻውን 10,000 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዙሪያው ቀጥ ብለው የሚቋረጡ መንገዶችና የነሐስ ማቅለጫ ስፍራ ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በተከፈተ አንድ መቃብር ውስጥ፣ ከሟቹ ትከሻ እስከ ዳሌው ድረስ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም የዘንዶ ምስል ተጋድሞ ነበር። ምስሉ ተርኳይዝ ከሚባለው ሰማያዊ አረንጓዴ ድንጋይ ከተቆረጡ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ከማይሞሉ ከ2,000 በላይ ቁርጥራጮች የተገጣጠመ ነው፤ በላዩም የነሐስ ደወል ተቀምጦ ነበር። ይህን የሚያህል የእጅ ሥራ ያለ ቤተ መንግሥትና ያለ ቋሚ ባለሙያዎች ይታሰባል ብዬ አላምንም።

ክርክሩ ያለው በስያሜው ላይ ነው። በካርቦን መለኪያ ከተማው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1750 እስከ 1530 ገደማ እንደኖረ ስለተገመተ፣ ዘመኑ የሲያን መጨረሻና የሻንግን መጀመሪያ ይነካል። ሻንግም ቢሆን በአንድ ወቅት በብዙዎች ይጠረጠር ነበር፤ ጥርጣሬው የተወገደው የሻንግ የኋለኛ መዲና ከነበረችው ከአንያንግ በወጡ የበሬ ትከሻ አጥንቶችና የኤሊ ቅርፊቶች ላይ የነገሥታቱ ስም ተቀርጾ በመገኘቱ፣ ዝርዝሩም ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን ከመዘገበው ጋር በአብዛኛው በመግጠሙ ነው። ሲያ ግን በእነዚያ አጥንቶች ላይ እንደ ሥርወ መንግሥት ተለይቶ አልተጠቀሰም።

ብዙ የቻይና ሊቃውንት ኤርሊቶን የሲያ የመጨረሻ መዲና ያደርጉታል፤ እኔም በቦታውና በዘመኑ ምክንያት ወደዚያው አዘነብላለሁ። ሆኖም በኤርሊቶ ሸክላዎች ላይ እስካሁን የታዩት የተጫሩ ነጠላ ምልክቶች ብቻ ናቸው፤ የንጉሥም ሆነ የከተማ ስም አይነበብባቸውም።