ፖስተራይዝ ስታደርጊው ፊቱ ለሚጠፋብሽ

የእናትሽን ፎቶ ሸራ ላይ ለመሳል ፖስተራይዝ ስታደርጊው፣ ማለትም ወደ ጥቂት ወጥ ቀለሞች ስትቀንሺው፣ ግማሽ ፊቷ ጥቁር፣ ግማሹ ነጠብጣብ ሆነብኝ ብለሻል። ከነቀለሙ፣ ሳታለሰልሺውና ሳታፈኪው ስለጀመርሽ ነው። በጊምፕ (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) እንዲህ ሞክሪው፦

1. መጀመሪያ ጥቁርና ነጭ አድርጊው።
2. ጋውሲያን ብለር (ማደብዘዣ) ትንሽ ስጪው፣ 3 ፒክስል አካባቢ። ነጠብጣቡን የሚያጠፋው ይሄ ነው።
3. ሌቭልስ (የብርሃንና የጥላ ማስተካከያው) ውስጥ የመሃሏን ቀስት ወደ ግራ ሳቢ፣ ጉንጭና ግንባሩ ከጥላው እስኪለይ። ጠይም ፊት ላይ ይቺን እንዳትዘያት፤ ፊቱን የሚበላው እሷን መዝለል ነው።
4. አሁን ፖስተራይዝ፣ 4 ላይ። አራት የድምቀት ደረጃ ብቻ ይቀራል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ቀለም ምረጪ።

በሸራው ልክ አትሚውና በካርቦን ወረቀት የቀለማቱን ድንበር ብቻ ገልብጪ። ሽፋሽፍት በሽፋሽፍት አትከተይ። ከፈካው ቀለም ጀምረሽ ጥቁሩን መጨረሻ ቀቢ። አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆልም በ1960ዎቹ የሰው ምስል ሲሠራ ብዙ ጊዜ ቀለሙን አስቀድሞ ቀብቶ፣ ጥቁሩን ፎቶ በስክሪን (ቀለም በሚያሳልፍ የተወጠረ ጨርቅ) ከላይ ያትምበት ነበር።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እያንዳንዱን ቀለም ለሙሉው ሥዕል እንዲበቃ አድርገሽ በአንዴ በጥብጪ፣ ትርፉንም ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪ። አክሪሊክ ቀለም ሲደርቅ ትንሽ ስለሚጠቁር፣ እርጥቡን ከደረቀው ጋር ማመሳሰል ይከብዳል። እኔ የአጎቴን ሥዕል ስሠራ ሮዙ ጉንጩ መሃል ላይ አለቀብኝ። እንደገና በጠበጥኩ፤ እርጥብ ሳለ ቁርጥ ያንኑ ይመስል ነበር። ጠዋት ሳየው ጉንጩ ላይ ፕላስተር የተለጠፈ ነው የሚመስለው። አጎቴ እስካሁን «ማን መታኝ?» ይለኛል።