ሌንሱን በነጠላ አትጥረጊው
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። በታኅሣሥ ለተማሪዎቻችንና ለወላጆች ጣና ዳር የኮከብ ምሽት አዘጋጅተን ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ግን 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ቴሌስኮፑ ጭጋግ ለበሰ። በነጠላዬ ብጠርገውም ወዲያው ተመልሶ ደበዘዘ። ከጀርባችን የመንገድ መብራት አለ። ልጆቹም ስልካቸውን እያበሩ ያስቸግራሉ። ብርዱ ሲጠና ደግሞ ወላጆች አንድ በአንድ ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ። ከ60 ሰው ሳተርንን ያየው 12 ቢሆን ነው። በጥር ልንደግመው አስበናል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሌንሱ ልጀምር። ሁለተኛ በነጠላ እንዳትጠርጊው። ነጠላው ለስላሳ ነው፤ ሌንሱ ላይ ያረፈው አቧራ ግን ለስላሳ አይደለም። ሲፈተግ መስታወቱ ላይ ያለውን ስስ ሽፋን ይጭረዋል። እኔ የመጀመሪያ ቴሌስኮፔን በመሐረብ ጠርጌ ያተረፍኩት ጭረት ዛሬም አለ።

ያየሽው ጤዛ ነው። ጠዋት ሜዳ ላይ ያደረ መኪና ጣሪያው ረጥቦ፣ ዛፍ ሥር ያደረው ግን ደርቆ አይተሽ ይሆናል። ለሰማይ የተገለጠ ነገር ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል። ከዙሪያው አየርም ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ሌንስ ደግሞ ምሽቱን ሙሉ ወደ ሰማይ እንዳፈጠጠ ነው። ሐይቅ ዳር ያለው እርጥብ አየር ሲነካው ውኃ ይሆናል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ለስፖርት የሚነጠፈውን ጥቁር የስፖንጅ ምንጣፍ ቆርጠሽ በሌንሱ ዙሪያ እንደ እጅጌ ጠቅልይው። ከሌንሱ ፊት ወጣ የሚለው ክፍል የሌንሱን ስፋት አንድ ጊዜ ተኩል ይርዘም። ሌንሱ 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 12 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህን እጅጌ በጣም እወደዋለሁ፤ ጤዛውን ያዘገያል፣ ከጎን የሚመጣውን የመንገድ መብራትም ይጋርዳል። ጤዛው ካለፈው፣ የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ከራቅ ብለሽ ንፊበት። ዓይን የሚጠጋበትን ትንሹን ሌንስ ደግሞ በማትጠቀሚበት ሰዓት ኪስሽ ውስጥ ያዢው፤ ሞቅ ካለ የልጆች ትንፋሽ አያደበዝዘውም። ቴሌስኮፑን ማየት ከመጀመራችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ውጭ አውጪው፤ መስታወቱ ከአየሩ ጋር እኩል ካልቀዘቀዘ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ስትጨርሺ እዚያው ውጭ ክደኚው። ቤት ገብቶ ሲሞቅ ክዳኑን ከፍተሽ ይድረቅ።

አሁን ወደ ቦታው። ከውኃው ዳር ራቂ። አንደኛው ምክንያት እርጥበቱ ነው። ሁለተኛው ጉማሬ ነው። ከዓመታት በፊት ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ሣር ላይ ቴሌስኮፕ ተክለን ነበር። ወደ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ተሰልፈዋል። በጨለማው ውስጥ ከባድ ትንፋሽ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ሣር ሲነጭ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ከውኃ እንደሚወጣ እያወቅሁ እዚያ መትከሌ ዛሬም ያሳዝነኛል። ልጆቹን ወደ አስፋልቱ አወጣን፣ ቴሌስኮፑ እዚያው አደረ። ከዚያ ወዲህ የምተክለው አጥር ባለው ሜዳ ነው። የትምህርት ቤታችሁ የኳስ ሜዳ ይበቃል። ዘጌን የሚመክሩሽ ይኖራሉ። ጨለማው እውነትም ድንቅ ነው፤ ግን የቡናው ጫካ ሰማዩን ይሸፍነዋል፣ ሕዝብ በጀልባ ማመላለስም ሌላ ጣጣ ነው።

ከሜዳው ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ የሚያሳይ ክፍተት ካለ ግን በጣም ጥሩ። ከተማዋ ያለችው በሐይቁ ደቡብ ስለሆነ ብርሃኗ ከኋላሽ ይሆናል። የሰሜን ኮከብም እዚያው ሐይቁ ላይ ዝቅ ብሎ አለ። ከአድማስ ያለው ከፍታ ከምንኖርበት ኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ በዲግሪ ካለን ርቀት ጋር እኩል ነው፤ ለባሕር ዳር 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ። ክንድሽን ዘርግተሽ ጭብጥሽን አድማሱ ላይ ብታስቀምጪው ከጭብጥሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ታገኚዋለሽ። ልጆቹ ይህን በገዛ እጃቸው ሲለኩ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

የዓይን ነገር ሰዎች ችላ ይሉታል እንጂ ከቴሌስኮፕ አይተናነስም። ዓይናችን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ የስልክ መብራት ቦግ ካለ ያ ሁሉ ጥበቃ ከንቱ ይሆናል። ሌሊት የምናይባቸው የዓይን ሕዋሳት ቀይ ብርሃን ብዙም አይሰማቸውም። ስለዚህ ለአስተባባሪዎች የእጅ ባትሪ አፍ ላይ ቀይ ፊኛ ወጥሪበት። በር ላይ አንድ ቆፍጣና ተማሪ አቁሚና ስልክ ወደ ኪስ ይበል። ሰልፉ ለመንገዱ መብራት ጀርባውን ይስጥ። ተራው የደረሰ ሰው የሚያይበትን ዓይን አስቀድሞ በመዳፉ ይሸፍን። መብራቱ አሁንም ካስቸገረ ጥቁር ጨርቅ ከራስ ላይ ጣል ማድረግ ነው፤ የድሮ ፎቶ አንሺዎች እንደሚያደርጉት። አንድ ጊዜ የተማሪ ማመላለሻውን ሚኒባስ በመብራቱና በእኛ መካከል አቁመን ምሽቱ ተርፎልናል።

ጨለማው ያልተሟላ ከሆነ ደግሞ ከመብራቱ ጋር አትታገዪ። ጨረቃ፣ ጁፒተርና ሳተርን መንገድ መብራት ሥርም ይታያሉ። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ጥሪ፤ የተራሮቿ ጥላ ያኔ ነው የሚረዝመው። ሙሉ ስትሆን ጥላ የላትም፣ ሌላውንም ሰማይ ታጠፋዋለች።

ስለ ብርዱ የከተራ ሌሊት ከታቦቱ ጋር የሚያድሩትን እናቶች ጠይቂ። ጋቢ፣ ካልሲ፣ ተጠጋግቶ መቀመጥ። ባሕር ዳር ቀን ሙቀት ስለሆነ ሰው በሸበጥና በቲሸርት ይመጣል። በጥር ሌሊት ግን ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ሰውነቱ አይሞቅም። ብርዱ ቶሎ የሚገባው ከመሬት በእግር ነው። ስለዚህ ሰልፉ የሚቆምበት ላይ ካርቶን አንጥፊ። በጥሪው ወረቀት ላይ «ጋቢና ካልሲ ይዛችሁ ኑ» ብለሽ በትልቁ ጻፊ፤ ለወባ ትንኝም ይጠቅማል። የዝንጅብል ሻይ ይኑር፣ ግን እንፋሎቱ ሌንሱ አጠገብ አይድረስ።

ሰልፉንም አሳጥሪው። ካርቶኑ ላይ ሰሌን አንጥፈሽ ግማሹን ሰው በጀርባው አስተኚ። በጥር አጋማሽ 3 ሰዓት ገደማ ሰባቱ ከዋክብት አናት ላይ ናቸው፤ ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብም ከፍ ብሎ ይከተላቸዋል። ለዚህ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ጋቢ ለብሶ የተኛ ልጅ ልሂድ አይልም።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። የኮከብ ተመልካች ወጣቶች የግቢዬን መብራት እንዳጠፋ ለመኑኝ። ደንበኛ እንዳይሸሸኝ እፈራለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁሉንም ማጥፋት የለብዎትም። አምፖሎቹ ላይ ቆርቆሮ ኮፍያ ያድርጉላቸውና ብርሃኑ ወደ ጠረጴዛው ብቻ ይውረድ። ወደ ላይ የሚሄደው ብርሃን የሚከፍሉበት እንጂ የሚበሉበት አይደለም። ነጩን አምፖል በቢጫ ቢቀይሩት ደግሞ ወጥ ውስጥ የሚወድቀው ነፍሳት ይቀንስልዎታል። እንጦጦ ተራራ ላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያሉት፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለቱ ቴሌስኮፖች እንኳ የአዲስ አበባ ብርሃን እየደረሰባቸው ነው። የባሕር ዳር ሰማይ ገና አልጠፋም፣ እባክዎ ይርዷቸው። በሩና ደረጃው ይብራ፤ ወደ ሐይቁ የሚያየውን ትልቁን መብራት ብቻ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ያጥፉላቸው። ጠረጴዛዎቹ ላይ ፋኖስ ያስቀምጡ።