የባህር ኃይል ሶናርና ዓሣ ነባሪዎች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ፤ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። የምኖረው በካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ ከተማ ነው። የእኅቴ ልጅ በአሜሪካ ባህር ኃይል ውስጥ ያገለግላል። በቅርቡ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ የመርከቦቹ ሶናር፣ ማለትም በውሃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ አማካይነት የሚያገኘው መሣሪያ፣ ዓሣ ነባሪዎችን ይገድላል መባሉን አንሥተን ተከራከርን። እሱ ሠርጓጅ መርከብን ያለ ሶናር ማግኘት እንደማይቻልና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ለባህር ኃይሉ እንደፈረደ ይናገራል። እኔ ግን እንስሳቱን የሚጠብቅ ሕግ እያለ ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ አልገባኝም። ለመሆኑ ድምፅ ብቻውን እንስሳን ሊገድል ይችላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ብንነሣ ይሻላል፤ መልሱም አዎን፣ ሊገድል ይችላል የሚል ነው።

ሶናር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጸጥ ብሎ የሚያዳምጥ ሲሆን ማንንም አይጎዳም። ሁለተኛው ኃይለኛ ድምፅ ወደ ባህሩ ይለቅና የገደል ማሚቶው ሲመለስ የነገሩን ቦታና ርቀት ይለካል። በባትሪ የሚንቀሳቀሱ የዘመኑ ሠርጓጅ መርከቦች እጅግ ጸጥተኛ በመሆናቸው በማዳመጥ ብቻ እነርሱን ማግኘት አዳጋች ነው፤ በዚህ ረገድ የእኅትዎ ልጅ ያሉት ትክክል ነው። ችግሩ ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል የሚጓዝና ብዙ ርቀት የሚሄድ መሆኑ፣ ዓሣ ነባሪዎች ደግሞ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት ምግባቸውን የሚያገኙት፣ እርስ በርሳቸውም የሚገናኙት በድምፅ መሆኑ ነው።

ከሁሉ በላይ የተጎዱት አፋቸው እንደ ወፍ ምንቃር የሾለው፣ ጥልቅ ባህር ውስጥ የሚኖሩት ዝርያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በማርች 2000 የአሜሪካ የጦር መርከቦች በባሃማስ ደሴቶች መካከል ባለው መተላለፊያ ልምምድ ሲያደርጉ 17 እንስሳት ወደ ዳርቻ ወጡ፤ አብዛኞቹም የዚሁ ወገን ነበሩ። የሞቱት ሲመረመሩ በጆሮአቸውና በአንጎላቸው አካባቢ ደም መፍሰሱ ታየ። ባህር ኃይሉ ራሱ ከአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ጋር ሆኖ በ2001 ባወጣው ዘገባ፣ የጉዳቱ መነሻ የመርከቦቹ ሶናር ሳይሆን እንደማይቀር አምኗል። ለአንድ የጦር ተቋም ይህ ቀላል እምነት አይደለም፤ ሊመሰገንበትም ይገባል።

በሴፕቴምበር 2002 ደግሞ በስፔን የካናሪ ደሴቶች አጠገብ የኔቶ አባል አገሮች ልምምድ ሲያካሂዱ 14 ያህል ምንቃራም ዓሣ ነባሪዎች በፉዌርቴቬንቱራና በላንዛሮቴ ዳርቻዎች ላይ ወጡ። የእንስሳት ሐኪሞች ሬሳዎቹን ገና ትኩስ ሳሉ ስለከፈቷቸው ሌላ ቦታ ያልታየ ነገር አገኙ፤ በደም ሥሮቻቸውና በጉበታቸው ውስጥ የጋዝ አረፋ ነበር። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ ድምፁ እንስሳውን ስለሚያስደነግጠው የለመደውን የአጠላለቅ ሥርዓት ያዛባል፤ በዚህም ምክንያት በሰውነቱ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ወደ አረፋነት ተለውጦ የደም ሥሮቹን ይዘጋል የሚል ነው። ከጥልቅ ውሃ በፍጥነት የሚወጣ ሰው ጠላቂም የሚጎዳው በዚሁ መንገድ ነው። ይህ የሚደርሰው ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ሊጠጋ የሚችል ጥልቀት በሚደፍር እንስሳ ላይ ነው።

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ እንሂድ። በ1972 የወጣው የአሜሪካ የባህር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ እንስሳቱን መግደልንም ሆነ ማወክን ይከለክላል፤ ነገር ግን በሥራ አጋጣሚ ለሚደርስ ጉዳት ፈቃድ የሚሰጥበት በር አለው፤ ለወታደራዊ ዝግጁነት ሲባልም በሩ ከጊዜ በኋላ እንዲሰፋ ተደርጓል። በደቡብ ካሊፎርኒያ በባህር ኃይሉ የሶናር ልምምድ ላይ በተነሣው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 12 ቀን 2008 ውሳኔ ሰጠ፤ ከዚያ በፊት የሥር ፍርድ ቤት በልምምዱ ላይ ስድስት ገደቦችን ጥሎ ነበር። ባህር ኃይሉ የተቃወመው ሁለቱን ብቻ ነው፤ አንደኛው እንስሳ በ2,200 ያርድ፣ ማለትም 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሲታይ ሶናሩ እንዲጠፋ የሚያዝዘው ነበር። በዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ የተጻፈው ውሳኔ እነዚህን ሁለቱን ሻረ። ይህን ያደረገው ግን ሶናር አይጎዳም ብሎ አልነበረም፤ ጉዳት አለ ቢባል እንኳ መርከበኞች በእውነተኛ ሁኔታ መሠልጠናቸው ለሕዝብ ያለው ጥቅም ይበልጣል በማለት ነው። ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ በበኩላቸው የባህር ኃይሉ የራሱ ግምገማ 170,000 ያህል የመታወክ አጋጣሚዎችን መተንበዩን ጠቅሰው በልዩነት ወጥተዋል። ስለዚህ «ፍርድ ቤቱ ለባህር ኃይሉ ፈረደ» የሚለው አባባል እውነት ቢሆንም፣ ሕጉ እንስሳቱን ትቷቸዋል ማለት አይደለም።

በእኛ እምነት በርቀቱ ላይ የተደረገው ያ ሁሉ ሙግት ለምንቃራሞቹ እምብዛም አይጠቅማቸውም ነበር። መርከበኛው መነጽር ይዞ ባህሩን ይቃኛል፤ እንስሳው ግን አንድ ሰዓት ያህል ከውሃ በታች ቆይቶ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ብቅ ይልና ተመልሶ ይሰምጣል። ያልታየ እንስሳ ደግሞ በ200 ያርድም ሆነ በ2,200 ያርድ ሶናር አያስጠፋም። የሚያድነው ነገር ልምምዱ የሚደረግበትን ቦታ መምረጥ ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሆነችን ስፔን ናት። በ2004 ከካናሪ ደሴቶች 50 ኖቲካል ማይል ክልል ውስጥ የባህር ኃይል ሶናርን አገደች፤ ቀድሞ በተደጋጋሚ ይታይ የነበረው የጅምላ ሞት ከእገዳው በኋላ በነበሩት ዓመታት እንዳልታየ ተመራማሪዎች በ2013 አስታወቁ። ስፔን የኔቶ አባልነቷም ሆነ ባህር ኃይሏ ባለበት ነው። በአሜሪካም በ2015 በሃዋይ የፌዴራል ፍርድ ቤት በታየ ክስ ተከራካሪዎቹ ተስማምተው፣ በሃዋይና በእርስዎው አካባቢ ለእንስሳቱ ወሳኝ በሆኑ ሥፍራዎች ላይ የሶናር ልምምድ ለተወሰኑ ዓመታት እንዲገደብ ሆኖ ነበር።

ለባህር ኃይሉ የሚሰጠው ፈቃድ እስከ ሰባት ዓመት የሚጸና ሲሆን፣ ከመታደሱ በፊት ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል። እርስዎም የእኅትዎ ልጅም በዚያ ጊዜ ሐሳባችሁን በጽሑፍ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ የትኞቹ ሥፍራዎች ነፃ ይደረጉ የሚለውን ለይቶ የሚጠይቅ አስተያየት ከጥቅል ተቃውሞ ይልቅ ክብደት ይኖረዋል ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ ዓሣ ነባሪ ዳርቻ ላይ ሞቶ በተገኘ ቁጥር ሶናር ነው ማለት ይቻላል? (አንድ መምህር፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይቻልም። በሽታ፣ የመርከብ ግጭትና ሌሎችም ምክንያቶች አሉ፤ በዓሣ ማጥመጃ መረብ ተይዘው የሚሞቱት ደግሞ በሶናር ከሚሞቱት እጅግ ይበዛሉ። ሶናርን የሚያስጠረጥረው ጥልቅ ባህር ውስጥ የሚኖሩ ጤነኛ እንስሳት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተራርቀው በረጅም የባህር ዳርቻ ላይ ሲወጡ፣ በሆዳቸውም ገና ያልተፈጨ ምግብ ሲገኝ ነው። ሬሳ ሲበሰብስም ጋዝ ስለሚፈጠር ምርመራው በቶሎ ካልተደረገ ምክንያቱን መለየት ያስቸግራል።