«ያው የማህፀን ካንሰር አይደለም እንዴ?» ጥያቄና መልስ

የፓቶሎጂ ሐኪም ነኝ። ከታማሚዋ ይልቅ ከናሙናዋ ጋር ነው ውሎዬ። እምብዛም ስለማይታዩት፣ ግን ኃይለኛ ስለሆኑት የማህፀን ካንሰሮች ከጠየቃችሁኝ ጥቂቱን እነሆ።

ዶክተር፣ የእናቴ «ሴረስ» ነው ተባለ። አክስቴ በማህፀን ካንሰር ታማ ድናለች። ያው አይደለም እንዴ?

ስሙ እንጂ በሽታው አንድ አይደለም። አክስትሽን ያመማት የተለመደው ኢንዶሜትሪዮይድ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። ሴረስ ከማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰሮች 10 በመቶ ገደማ ነው፤ ከሞቱ ግን ወደ 40 በመቶ የሚጠጋውን ይይዛል። ተንኮሉ አወጣጡ ላይ ነው። ዕጢው ገና ትንሽ ሆኖ፣ ጡንቻው ውስጥ ሳይገባ፣ ሕዋሱ በማህፀን ቱቦ አልፎ ሆድ ውስጥ ሊዘራ ይችላል። ቀዶ ሐኪሙ ከሞራውም ናሙና የሚወስደው ለዚህ ነው።

የመዳን ዕድልን ይበልጥ የሚወስነው ምንድን ነው?

ደረጃው። ከማህፀን ወጥቷል? ሊምፍ ኖድ ደርሷል? ቀጥሎ ዕጢው የደምና የሊምፍ ሥሮች ውስጥ መግባቱ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ የቀረ ዕጢ መኖሩ፣ ዕድሜና የሰውነት አቅም ይታያሉ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 ፊጎ (ዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበራት ፌዴሬሽን) የደረጃ አሰጣጡን ቀይሯል። ኃይለኛው ዓይነት ጡንቻውን ትንሽ እንኳ ከነካ፣ ድሮ ደረጃ 1 የነበረው አሁን 2 ይባላል። በሽታው ስለባሰ አይደለም፤ መስፈሪያው ነው የተለወጠው። በዚህ ብቻ እንቅልፍ ያጡ ቤተሰቦች አውቃለሁ።

ሪፖርቱ ላይ «ፒ53 አብኖርማል» ይላል። መጥፎ ነው?

ደስ የሚል ዜና አይደለም፤ ግን የሚጠቅም ዜና ነው። ፒ53 ሕዋስ ወደ ካንሰር እንዳይለወጥ የሚጠብቅ ጂን ነው። ናሙናውን ቀለም አስነክተን በማይክሮስኮፕ ስናየው፣ ጤነኛው ጂን ያላቸው ሕዋሳት አንዱ ደመቅ፣ አንዱ ፈዘዝ ብሎ የተዘበራረቀ ቡናማ ይሆናሉ። ሲበላሽ ግን የዕጢው ሕዋሳት ብዙ ጊዜ ወይ ሁሉም ጥቁር ቡናማ ይሆናሉ፣ ወይ ጭራሽ ባዶ ይቀራሉ። ባዶውን «ኔጌቲቭ ነው፣ ተመስገን» ብሎ የሚያነብ ሰው ገጥሞኛል። ያም ብልሽት ነው።

የሚጠቅመው ሕክምናን ስለሚመራ ነው። ፖርቴክ-3 በተባለው ጥናት ፒ53 ከተበላሸባቸው ሴቶች መካከል ጨረር ብቻ ከወሰዱት 42 በመቶ፣ ኬሞ ከተጨመረላቸው ደግሞ 65 በመቶ ገደማ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። በተቃራኒው ፖሊ የተባለው ጂን የተለወጠባቸው፣ ዕጢው በማይክሮስኮፕ ክፉ ቢመስልም፣ አብዛኞቹ ደህና ይሆናሉ።

ካርሲኖሳርኮማስ? ሳርኮማ ነው?

ስሙ ያሳስታል። መነሻው ካርሲኖማ (ከሽፋን ሕዋስ የሚነሳ ካንሰር) ነው፤ ከፊሉ ሕዋስ መልኩን ቀይሮ ሳርኮማ (ከጡንቻና ከመሳሰለው የሚነሳ ካንሰር) መስሎ ነው። ስለዚህ የሚታከመው እንደ ኃይለኛ ካርሲኖማ ነው፤ ኬሞው በአብዛኛው ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል ነው።

ማዮማ ነው ብለው አወጡልኝ፤ ውጤቱ ሌዮማዮሳርኮማ ሆነ። ተሳስተው ነው?

የግድ አይደለም፣ እህቴ። ሌዮማዮሳርኮማ የማህፀን ጡንቻ ካንሰር ነው። ከቀዶ ጥገና በፊት ከማዮማ በአልትራሳውንድም በኤምአርአይም በእርግጠኝነት መለየት ይከብዳል። አንቺ መጠየቅ ያለብሽ «ሳይቆራረጥ ነው የወጣው?» ብለሽ ነው። ሆድ ውስጥ በማሽን ከተፈጨ ሕዋሱ ይበተናል፤ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያስጠነቀቀው ለዚሁ ነው። ከዚያ መጠኑን እዪ፤ ደረጃ 1ን ለሁለት የሚከፍለው መስመር 5 ሴንቲሜትር ነው። የሚከፋፈሉት ሕዋሳት ብዛትም ይቆጠራል። ይሄኛው በደም መጓዝ ስለሚወድ ሳንባን በሲቲ ማየት ግድ ነው።

«ስንት ዓመት ትኖራለች?» ብለን ብንጠይቅ ነውር ነው?

ነውር የለውም። ግን እሷ ራሷ መስማት ትፈልግ እንደሆን አስቀድማችሁ ጠይቋት። የ5 ዓመት ቁጥር ከዓመታት በፊት የታከሙ ብዙ ሴቶች አማካይ ነው። ዛሬ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ያኔ አልነበሩም። ሴረስ ከሆነ ከቁጥሩ ጋር አብራችሁ «ኸር2 ተመርምሯል?» በሉ፤ ኸር2 ሕዋሱን እንዲያድግ የሚገፋ ፕሮቲን ነው። በዝቶ ከተገኘና በሽታው ከተስፋፋ፣ ኸር2ን የሚያጠቃው ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት ከኬሞው ጋር ሊጨመር ይችላል። ካልተመረመረም የመጀመሪያው ናሙና ብዙ ጊዜ በፓራፊን (በሰም) ተቀምጦ ስለሚቆይ፣ ከዚያው ላይ መሥራት ይቻላል።