ፕሮፋይሉ ከቤት ከወጣ በኋላ

ጥያቄ፦ ለምርምር ቡድኖች የጋራ የሥራ መድረክ እየሠራን ነው። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ሰርቨር አለው፤ ሰርቨሮቹም እርስ በርስ ይነጋገራሉ። የተጠቃሚውን ፕሮፋይል የመቅረጹ ሥራ ለእኔ ተሰጥቷል። ባልደረቦቼ ስልክ፣ የትውልድ ቀን፣ የሥራ ልምድ፣ ሁሉም ይግባ እያሉ ቅጹ 23 መስክ ደርሷል። የትኛውን ልተው? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ 23 የሚለውን ሳነብ የራሴ ጥፋት ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት ተመሳሳይ መድረክ ስሠራ የተጠቃሚው መለያ የኢሜይል አድራሻው ይሁን ብዬ ወሰንኩ፤ ብልጠት መስሎኝ ነበር። ከአባል ተቋማቱ አንዱ ዶሜይኑን (በኢሜይል አድራሻ ከ@ በኋላ የሚመጣውን የተቋሙን የኢንተርኔት ስም) ሲቀይር፣ ሠራተኞቹ በሙሉ በሌሎቹ ሰርቨሮች ዘንድ በአንድ ሌሊት እንግዳ ሆኑ። የጻፏቸው ሰነዶች ባለቤት አጡ፤ የመግቢያ ፈቃዳቸውም ቀረ። ማን ማን እንደነበር በእጅ እያመሳከርኩ ሦስት ሳምንት አሳለፍኩ።

ስለዚህ ከመስኮቹ ብዛት በፊት የመለያውን ነገር ይጨርሱ። ሰው የሚያየው አድራሻና ሰርቨሮች የሚተዋወቁበት ቋሚ መለያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሁኑ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዌብፊንገር የተባለው ደንብ የሚያገለግለው ለዚሁ ነው፤ የተጠቃሚውን ስምና የሰርቨሩን ስም የያዘ አጭር አድራሻ ሲሰጡት ቋሚው መለያ የት እንዳለ ይነግርዎታል። በቋሚው መለያ ውስጥ የሰው ስም አይክተቱ፤ ትርጉም የሌለው ቁጥር ይበቃል። ሰው ስሙን ይቀይራል፣ ቁጥሩ ግን ባለበት ይቆያል። ዶሜይኑ ግን የመለያው አካል ሆኖ ስለሚቀር፣ ቡድኖቹ ነገ የማይለቁትን እንዲመርጡ ዛሬውኑ ይጨቅጭቋቸው።

አሁን ወደ መስኮቹ። አንድ ሰርቨር ብቻ ቢኖርዎ ኖሮ የተሳሳተውን ከዳታቤዙ አርሞ መገላገል ነበር። በእርስዎ መድረክ ግን ሌላው ሰርቨር ፕሮፋይሉን አንድ ጊዜ ከወሰደ ቅጂውን ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ማኅበር ያጸደቀው አክቲቪቲፐብ የተባለው፣ ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ደንብ፣ «አድስ» እና «ሰርዝ» የሚሉ መልእክቶች አሉት። መልእክቱ በደረሰበት ሰዓት ተዘግቶ የነበረ፣ ወይም ሰምቶ እንዳልሰማ የሚያልፍ ሰርቨር ግን አይጠፋም፤ የሚያስገድደውም የለም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና እያንዳንዱን መስክ ይዘው አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ይህ መረጃ በማናውቀው ሰርቨር ላይ ሳይሰረዝ ቢቀር ባለቤቱ ይስማማል? የትውልድ ቀንና ስልክ ወዲያውኑ ይወድቃሉ። ባልደረቦችዎ ካኮረፉ ለሥራው የትውልድ ቀን የሚያስፈልግበትን አንድ ገጽ እንዲያሳዩዎት ይጠይቋቸው።

የተረፉት መስኮች የየራሳቸው ወሰን ይኑራቸው። ተቋማት በራሳቸው ሰርቨር ላይ ፋይል የሚጋሩበት ኔክስትክላውድ የተባለው ሶፍትዌር በዚህ ረገድ ጥሩ አርአያ ነው፤ ተጠቃሚው ለእያንዳንዱ መስክ በግል፣ ለሰርቨሩ፣ ለሚታመኑ ሰርቨሮች ወይም ለሁሉም ብሎ ይመርጣል። እኔ የምጨምረው መነሻው ጠባቡ ወሰን ይሁን የሚለውን ብቻ ነው። የሰፋውን በኋላ ማጥበብ ቅጂዎቹን አይመልስም።

ስም አንድ መስክ ይበቃዋል። «የራስ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብሎ መክፈል የቤተሰብ ስም የሌለውን ሰው ሁሉ ውሸት ያስሞላዋል። ከስሙ ጎን የሰርቨሩ ስም ምንጊዜም ይታይ፤ በተለይ በፊደላችን «ሰላም» እና «ሠላም» ለዓይን እህትማማች፣ ለኮምፒውተር ደግሞ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አስመሳይ የሚሻው ይህንኑ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያከራክራችሁ ማዕረግና ኃላፊነት ይመስለኛል። «ዶክተር» ወይም «አስተባባሪ» የሚለውን ማን አለ? ራሱ ተጠቃሚው የጻፈውና ሰርቨሩ የመሰከረለት በአንድ ዓይነት ቀለም አይቅረቡ። በብዙ ሰርቨሮች ላይ የተዘረጋው ማኅበራዊ መረብ ማስቶዶን አንድን ድረ ገጽ የሚያረጋግጠው ፕሮፋይሉ ወደ ገጹ፣ ገጹም መልሶ ወደ ፕሮፋይሉ ሲያመላክት ነው፤ ያ የሚያሳየው የገጹ ባለቤት መሆኑን እንጂ ዶክተርነቱን አይደለም። ኃላፊነትን ደግሞ ጭራሽ ከፕሮፋይሉ ያውጡት። አንድ ሰው በዚህኛው ፕሮጀክት አርታዒ፣ በዚያኛው ተራ አንባቢ ሊሆን ይችላል፤ ቦታው የፕሮጀክቱ መዝገብ ነው።

ፎቶ ይኑር፣ መጠኑ ይገደብ፤ የየራሳችሁ ሰርቨር ቅጂውን ይያዝ። አለበለዚያ ፕሮፋይሉን የሚያይ ሰው ሁሉ የኢንተርኔት አድራሻውን ለባዕድ ሰርቨር ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ተጠቃሚ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ሲዛወርስ? ጨርሶ ሲለቅስ? (ከዚያው አንባቢ)

መልስ፦ ለዝውውር ከማስቶዶን መማር ይቻላል። አዲሱ መለያ አሮጌውን «የእኔ ነው» ይላል፣ አሮጌውም ወደ አዲሱ ይጠቁማል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ዝውውር የለም። ተከታዮች ይከተላሉ፣ የቀድሞ ጽሑፎች ግን በነበሩበት ይቀራሉ። በእናንተ መድረክ የሰነድ ፈቃድ አብሮ በራሱ ይዛወር የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። አልመክርም። የተሰረቀ መለያም በዚያው መንገድ «ተዛወርኩ» ይላልና፣ የየፕሮጀክቱ ኃላፊ አይቶ ያጽድቅ። አሰልቺ ነው፤ ከእኔ ሦስት ሳምንት ግን ይሻላል።

ለለቀቀው ሰው ስሙን፣ ፎቶውንና መግለጫውን አጥፉ፤ ለሌሎቹም ሰርቨሮች «ሰርዝ» ብላችሁ ላኩ። የቋሚ መለያውን ቁጥር ግን ባዶ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በአክቲቪቲፐብ ቋንቋ ይህ «የመቃብር ድንጋይ» ይባላል፦ እዚህ አንድ ሰው ነበር፣ አሁን የለም። በጋራ ሰነዱ ላይ የተወው አስተያየት ከዚያ ድንጋይ ጋር ታስሮ ይቀራል። አድራሻውንም ለአዲስ ሰው አትስጡ፤ የአሮጌው ሰው ደብዳቤ ለአዲሱ መድረሱ አይቀርምና።