ካርዱ 93 ይላል፣ ልጄ ግን አትሠራም፦ መልስ

«ልጄ ደሴ 11ኛ ክፍል ናት። አማካይዋ 93 ነው፤ ግን ቀላል ሒሳብ ስሰጣት ትደነግጣለች። ካርዱን ልመነው?» ላሉት፦ ብቻውን አይመኑት። ትምህርት ቤቷ ያላወጣውን ፈተና ያስፈትኗት።

1. ያለፉ ዓመታት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያግኙ። ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ትምህርት የወጡትን ጥያቄዎች ብቻ ይምረጡ።

2. ስልኩን ይቀበሏት፣ ሰዓት ይያዙ።

3. ስትጨርስ አሠራሩን ይጠይቋት። ዋናው ይሄ ነው። ለምሳሌ የአንድ ኳድራቲክ እኩልታ (እንደ x² − 5x + 6 = 0 ያለ) መልስ 2 እና 3 መሆኑን በትክክል ከብባ፣ «እንዴት አገኘሽው?» ስትባል ዝም ካለች፣ ምርጫዎቹን እያስገባች ሞክራ ነው ወይም ገምታ ነው።

ካርድ የሚያብጠው በቡድን ሥራ፣ በደብተርና በተሳትፎ ማርክ ነው። አንዷ ሠርታ አምስቱ እኩል ያገኛሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016ም 5.4 ከመቶ። ከወደቁት መካከል ካርዳቸው 80 እና 90 የነበረ ልጆች በየሰፈሩ አሉ። ያሳዝናል፤ ልጆቹን ማንም አስቀድሞ አልነገራቸውም።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ኮምቦልቻ ሳስተምር ያየሁት ነው፦ ወላጅ «ማርኩን ዝም ብላችሁ ነው የሰጣችሁት» ብሎ ልጁ ፊት ከመምህሩ ጋር ሲጣላ፣ ልጁ ከዚያ በኋላ የፈተና ወረቀቱን መደበቅ ይጀምራል። ስለ 93ቱ አይከራከሩ። ቤት የሠራችውን ወረቀት ይዘው ይሂዱና «እዚህ ምዕራፍ ላይ ያግዙልኝ» ይበሉ።