ከሆቴል ከወጣሽ በኋላ ለመጣብሽ ቻርጅ፦ ካርዱን አትዝጊው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከሆቴሉ ከወጣሽ ከወር በላይ ሆኖሻል። ሂሳብሽን ዘግተሽ፣ ደረሰኝሽን ይዘሽ ነው የወጣሽው። አሁን ስቴትመንትሽን (ባንኩ በየወሩ የሚልክልሽን የካርድ ሂሳብ ዝርዝር) ስትከፍቺ ከዚያው ሆቴል ሌላ ክፍያ መጥቶ አገኘሽ። ሆቴሉ ስልክ አያነሳም፤ ባንኩ ደግሞ "ዲስፒውት አድርጊ" (ማለትም ክፍያውን ተቃውመሽ እንዲመለስልሽ ለባንኩ አመልክቺ) ብሎ ዘጋብሽ። አንቺም "ካርዱን ልዝጋውና ልገላገል?" ብለሽ ጠይቀሻል።

አትዝጊው። ካርድ መዝጋት አንዴ የተቆረጠውን ገንዘብ አይመልስም። ዕዳውም ካርዱ ተዘጋ ብሎ አይጠፋም፤ ባንኩ ይጠይቅሻል። አዲስ ካርድ ብታወጪም ሙሉ በሙሉ አትገላገዪም። ቪዛና ማስተርካርድ የተቀየረን ካርድ ቁጥር ለነጋዴው የሚያሳውቁበት አሠራር አላቸው። ወርኃዊ ክፍያሽ ካርድ ከቀየርሽ በኋላም የሚቀጥለው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ነገር የሚያሰጋሽ ከሆነ ካርዱን ከአፕሊኬሽኑ ላይ ለጊዜው ቆልፊው፤ ይበቃል።

ሌላው፣ ብዙ ሰው ጉዳዩን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ባንኩ ጋ ደውለሽ "ይህን ክፍያ አላውቀውም" እንዳትዪ። እንደዚያ ስትዪ ጉዳይሽ ወደ ማጭበርበር ክፍል ይሄዳል። እዚያ ያለው ሠራተኛ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ካርዱ ተሰርቋል ወይስ አልተሰረቀም? ታሪክሽን ሲከፍት በዚያው ካርድ፣ በዚያው ሆቴል፣ ባለፈው ወር ራስሽ ከፍለሻል። ፋይሉን ይዘጋዋል። የአንቺ ጉዳይ ሌላ ነው፤ "ሆቴሉን አውቀዋለሁ፣ አርፌበታለሁ፣ በዚህ ክፍያ ግን አልተስማማሁም" ነው። በባንክ ቤት እነዚህ ሁለቱ የሚሄዱበት መንገድ ለየቅል ነው።

እሺ፣ ከየት ትጀምሪ? መጀመሪያ ክፍያው በእርግጥ የተቆረጠ መሆኑን እዪ። "ፔንዲንግ" የሚል ከሆነ ገና አልተቆረጠም። ሆቴሎች ስትገቢ ለመያዣ ብለው የተወሰነ ገንዘብ ያስይዛሉ፤ እሱም በራሱ ጊዜ ይለቀቃል። በፔንዲንግ ላይ ዲስፒውት መክፈት ስለማይቻል ባንኩ ጠብቂ ይልሻል፤ እውነቱን ነው። ከወር በኋላ የመጣ ከሆነ ግን መያዣ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው።

ቀጥሎ ማን እንደቆረጠው አጣሪ። ስቴትመንት ላይ ያለው ስም ሁልጊዜ የሆቴሉ ስም አይደለም፤ ሆቴሉን የሚያስተዳድረው ድርጅት ስም ሊሆን ይችላል። በኦንላይን ድረ ገጽ በኩል ይዘሽ ከሆነም ሁለት አማራጭ አለ። አንዳንዴ ገንዘቡን የሚቀበለው ድረ ገጹ ነው፤ ለሆቴሉ የሚከፍለውም በራሱ ካርድ ነው። እንዲያ ሆኖ ሳለ ሆቴሉ ለአዳሩ ደግሞ ከአንቺ ካርድ ከቆረጠ፣ ለአንድ አልጋ ሁለቴ ከፍለሻል ማለት ነው። ይህ ከሁሉም ዲስፒውት ቀላሉ ነው፤ ለድረ ገጹ የከፈልሽበትን ማስረጃ ማያያዝ ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ።

ከዚያ ዝርዝሩን ጠይቂ። ስልክ ተይው። ቢያነሱም ሪሰፕሽን ላይ ያለው ልጅ ስለ ባለፈው ወር ሂሳብ የሚያውቀው ነገር የለም፤ "እንደውልልዎታለን" ይልሻል፣ አይደውልም። ለሂሳብ ክፍሉ ኢሜይል ጻፊ፣ ሥራ አስኪያጁንም ኮፒ አድርጊው። የምትጠይቂው ሦስት ነገር ነው፦ ለምን እንደቆረጡ፣ መቼ የሆነ ነገር እንደሆነና ማስረጃው። ሆቴሎች ዝርዝር ሂሳቡን "ፎሊዮ" ይሉታል፤ በዚያ ስም ብትጠይቂ ቶሎ ይገባቸዋል። ረጅም ደብዳቤ አትጻፊ፤ ስድብም አታስገቢ። ያ ኢሜይል ነገ ባንኩ ፊት የሚቀርብ ወረቀት ነው። ባይመልሱልሽም አልከሰርሽም፤ ባንኩ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ "ከነጋዴው ጋር ለመነጋገር ሞክረሻል?" የሚል ስለሆነ መልስ አለሽ።

የእኔን ልንገርሽ። እኔ ላይ የመጣው "የልዩ ጽዳት ክፍያ" የሚል ነበር። ክፍል ውስጥ ሲጋራ አጭሰሃል ነው ነገሩ። እኔ ሲጋራ አፌ ላይ አድርጌ አላውቅም። ግን ይህን ለባንክ ብትነግሪው ምን ይፈይዳል? ባንክ የሚያምነው ወረቀት ነው። ስለዚህ ሆቴሉን ማስረጃ ላኩልኝ አልኩ። ፎቶ ላኩልኝ። በረንዳ ላይ አንድ መተርኮሻ፣ አፉ ድረስ በቁራጭ ሲጋራ ተሞልቶ፣ ከጀርባው የብረት አጥር። እኔ ያረፍኩበት ክፍል በረንዳ የለውም። መስኮቱ ራሱ ከስንዝር በላይ አይከፈትም ነበር። ክፍሉን ስይዝ የተላከልኝን ማረጋገጫ ከፍቼ ሳየው የክፍሉ ዓይነት "ያለ በረንዳ" ይላል፤ እነሱ ራሳቸው የጻፉት ነው። ፎቶውንና ማረጋገጫውን ጎን ለጎን አድርጌ መለስኩላቸው። መልሳቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "ሲገቡ የሆቴሉን ደንብ ተቀብለው ፈርመዋል።" ከዚያ በኋላ ከእነሱ ጋር መከራከሩን ትቼ ወደ ባንኩ ሄድኩ።

ሆቴል ዘግይቶ መቁረጥ ጨርሶ አይችልም የሚሉሽ ሰዎች ተሳስተዋል፤ ይህንንም እወቂው። ስትገቢ የምትፈርሚው ፎርም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ሰጥተሻል። በቪዛ ደንብ ሆቴሎች ከቼክ አውት በኋላ እስከ 90 ቀን ድረስ የቀረ ሂሳብ መቁረጥ ይችላሉ፤ ከሚኒባር የተነሳ መጠጥ፣ ወደ ክፍል የታዘዘ ምግብ ዓይነቱን። ግን ዝርዝሩን ለእንግዳው ማሳወቅ አለባቸው። ስለዚህ ከሚኒባር የወሰድሽው ነገር ካለና እሱኑ ከሆነ የቆረጡት፣ ክፈይና ተገላገዪ፤ አትከራከሪ። "ሰበርሽ፣ አበላሸሽ" የሚል ከሆነ ግን ሌላ ነው። ስትፈርሚ ደንቡን ተቀበልሽ እንጂ ጥፋቱን አላመንሽም። ማስረዳት ያለበት ባለ ሆቴሉ ነው።

አሁን ባንኩ ጋ ስትሄጂ ጉዳይሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጪው። ባንኮች ጉዳይን የሚመድቡት በዓይነት ነው፤ ሁለቴ ተቆረጠ፣ ከተስማማነው በላይ ተቆረጠ፣ በሰዓቱ ሰርዤ ሳለ ተቆረጠ፣ ይመለሳል የተባለው አልተመለሰም፣ ያላገኘሁት አገልግሎት ተቆረጠ። የአንቺ የትኛው እንደሆነ ራስሽ ወስኚና በዚያ ጀምሪ። አራት ገጽ ታሪክ ከላክሽ የሚመድበው ሠራተኛ በራሱ ግምት ይመድበዋል፤ ያ ደግሞ ሎተሪ ነው። እኔ የጻፍኩት ይህን የሚመስል ነበር፦ "በዚህ ሆቴል ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን አርፌ ሙሉ ሂሳቤን ከፍያለሁ። በኋላ ሳልስማማ ለጽዳት ተብሎ ይህን ያህል ተቆርጧል። ሆቴሉ የላከው ፎቶ እኔ ያረፍኩበት ክፍል አይደለም። ገንዘቡ እንዲመለስልኝ ጽፌ ጠይቄ እምቢ ብለዋል።" አለቀ። የቀረው አባሪ ነው፦ የቡኪንግ ማረጋገጫው፣ የመጨረሻው ደረሰኝ፣ የኢሜይል ልውውጡ በቀን ቅደም ተከተል። እያንዳንዱ ስክሪንሾት ላይ ቀኑ መታየት አለበት።

ቀን ካልኩ አይቀር፣ ቀኑን አታሳልፊ። በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ለአብዛኛው ዓይነት ዲስፒውት ያለው ጊዜ 120 ቀን አካባቢ ነው። የአገር ሕግ ግን ሊያጥር ይችላል፤ የሚወስነውም ካርድሽን ያወጣው ባንክ ያለበት አገር ነው። ካርድሽ የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ከሆነ እ.ኤ.አ. የ1974ቱ የክሬዲት ካርድ ሂሳብ ስህተት ሕግ (Fair Credit Billing Act) ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድታሳውቂ ይጠይቃል። በስልክ ነግሬያቸዋለሁ ማለት ብቻ መብትሽን አያስከብርም። ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ ደርሶኛል ማለት፣ በሁለት የሂሳብ ዙር ውስጥ ደግሞ መጨረስ አለበት፤ ቢበዛ 90 ቀን። የአውሮፓ ኅብረት ባንክ ከሆነ ለሆቴል እንግዳ ተብሎ የተሠራ የሚመስል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015ቱ የኅብረቱ የክፍያ አገልግሎት መመሪያ መሠረት፣ ፈቃድ ስትሰጪ ትክክለኛው መጠን ካልተገለጸና የተቆረጠው ከምትጠብቂው በላይ ከሆነ፣ በ8 ሳምንት ውስጥ ይመለስልኝ ማለት ትችያለሽ። ባንኩም በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መመለስ ወይም ለምን እንደማይመልስ መንገር አለበት። አንቺ ከወር በላይ ሆኖኛል ስላልሽ ካርዱ የአውሮፓ ከሆነ ዛሬውኑ ተነሺ።

ዲስፒውቱ ከተከፈተ በኋላ ባንኩ ገንዘቡን ለጊዜው ሊመልስልሽ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አሸነፍኩ ብሎ ነገሩን ይረሳዋል። አላለቀም። ሆቴሉ መልስ የመስጠት ዕድል አለው። የእኔው ሆቴል የፈረምኩበትን ፎርም ስካን አድርጎ ለባንኩ ላከና ባንኩ ገንዘቡን መልሶ ቆረጠው። ደብዳቤያቸውም "ጉዳዩ በነጋዴው ሞገስ ተወስኗል" ዓይነት ነበር፤ ስታነቢው ሁሉ ነገር ያበቃለት ይመስላል። ግን ከታች በትንሽ ፊደል፣ ተጨማሪ ማስረጃ ካለዎት እስከዚህ ቀን ያቅርቡ ይላል። አቀረብኩ። አዲስ ነገር አልጨመርኩም፤ የበረንዳውን ፎቶና የክፍሉን ማረጋገጫ አንድ ገጽ ላይ አድርጌ፣ ከሥር "ፊርማዬ ደንቡን ማወቄን ያሳያል፤ ይህ ክፍል የእኔ መሆኑን አያሳይም" ብዬ ጻፍኩ። ገንዘቡ ተመለሰ፤ በዚያው ቀረ።

እስኪያልቅ ድረስ የቀረውን የካርድ ሂሳብሽን በጊዜው ክፈዪ። የተከራከርሽበትን ብቻ ነው የምታቆዪው፤ እሱንም ባንኩ ማቆየት ትችያለሽ ካለሽ በኋላ። ተናድደሽ ሁሉንም ካልከፈልሽ ወለዱና የዘገየ ክፍያ ቅጣቱ የራስሽ ነው፤ ያንን ማንም አይመልስልሽም። በመሃል ሆቴሉ ሐሳቡን ቀይሮ ራሱ ሪፈንድ ካደረገ ለባንኩ ወዲያው ንገሪ፤ ያው ገንዘብ ሁለቴ ከመጣ አንዱን መልሰው ሲቆርጡ እንደገና ትደነግጫለሽ። በሌላ ገንዘብ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ የተመለሰው መጠን በምንዛሪው ምክንያት ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ ለእሱ አዲስ ዲስፒውት አትክፈቺ።

ካርዱ የየት አገር ባንክ እንደሆነ፣ በቀጥታ ከሆቴሉ ይሁን በድረ ገጽ እንደያዝሽና ስቴትመንቱ ላይ ከክፍያው ጎን ምን ስም እንዳለ ከታች ጻፊልን። ፎቶ የምትለጥፊ ከሆነ የካርድ ቁጥርሽንና የራስሽን ስም ሸፍኚው።